የእናት ቦታ ሞልቷል

ምላጩ የምንለው ፀጉር አስተካካይ ሱቁን የሠራው ከመመዝገቢያው አዳራሽ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ነው። ሱቅ ያልኩት ለአክብሮት ነው እንጂ ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ መስታወትና አንዲት ተሽከርካሪ ወንበር ናት፤ ወንበሯም የምትሽከረከረው ወደ ግራ ብቻ ነው። እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ከሰው እግር ጋር ስታገል፣ እሱ ከሰው ጭንቅላት ጋር ሲታገል ዓመታት አለፉ። ሁለታችንም እዚህ የስደተኞች ጣቢያ የደረስነው ባዶ እጃችንን ነው። መታወቂያ የለን፣ የልደት ወረቀት የለን፤ ኪሳችን ውስጥ የቀረው የኪሱ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ምላጩ እጁ ስለት፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ሽማግሌ ሲያይ «አባቴ»፣ አሮጊት ሲያይ «እማዬ»፣ እኩያውን ሲያይ «ወንድሜ» ሳይል ሌላ ቃል አይወጣውም። ይህ መቼም የእሱ ብቻ አመል አይደለም። እኛ እኮ ታክሲ ውስጥ ቦታ የለቀቀልንን ሰው «ወንድሜ» እንላለን፤ ያልለቀቀልንንም ልንሰድበው ስንነሳ «ስማ ወንድሜ» ብለን ነው የምንጀምረው። የምላጩ ልዩነት በአፉ ያለውን ሆኖ መገኘቱ ላይ ነው። እማዬ ካላት በቃ፣ ጥፍሯን ይቆርጣል፣ ውሃ ያሞቃል፣ የተቃጠለ አምፖሏን ይቀይራል፣ ስልኳ ላይ የመጣውን መልእክት ያነብላታል። ደንበኛ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ «መጣሁ፣ እማዬ ጠርታኝ ነው» ብሎ ይጠፋል። የትኛዋ እማዬ ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ የዚህ ደግነት ዕዳ የመጣው ቆይቶ ነው።

አንድ ማለዳ አዳራሹ ላይ «ወረቀት ድሮ ቀረ» የሚል ትልቅ ሸራ ተሰቀለ። ከእንግዲህ መታወቂያችን ፊታችን፣ ዐይናችንና ጣታችን ነው ተባልን፤ ስማችንና ዘመዶቻችን ደግሞ ደመና ላይ ይቀመጡልናል። ደመና ላይ! «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል እየሳቅን ያደግን ሰዎች፣ አሁን እኛው ራሳችን ሰማይ ልንወጣ ነው። አትጠፉም፣ አትቀደዱም፣ አትሰረቁም ብለው አጽናኑን። ከዚያም ለምዝገባው ስትመጡ የቀጠሮ ወረቀታችሁን እንዳትረሱ፣ ያለ ወረቀቱ አይገባም አሉ።

መዝጋቢዋን ባለ ታብሌቷ እንላት ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ የሚያናድደውም ይህ ነው። ክፉ ብትሆን ሰድበናት ይወጣልን ነበር። ፈገግ ብላ፣ «እርስዎ» እያለች፣ ውሃ ጋብዛ ነው የምታንገላታው። ሲጨንቃት «ሲስተም የለም» ትላለች፤ ሲስተሙ ሲመጣ ደግሞ «ሲስተሙ እምቢ አለ» ትላለች። ይህን ሲስተም የሚባል ሰውዬ ሄደን እንዳንለምነው ቤቱን የሚያውቅ የለም።

ደንቡ እንዲህ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው፣ አስቀድሞ የተመዘገበ ሌላ ሰው መጥቶ ይመሰክርለታል። ምስክሩ ታብሌቱን ትክ ብሎ ያይና «አውቃለሁ» የሚለውን ይጫናል። ታብሌቱ አያምንም፤ «ምንዎ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ምርጫው ከሥር ተደርድሯል፦ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ። ከእነዚህ ካልሆነ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ «ሌላ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች።

ምላጩ ቀድሞ ከተመዘገቡት አንዱ ነበር። በዚያ ላይ ፎቶ ለእኛ ቀልድ ስላልሆነ፣ ወደ አዳራሹ የሚገባ ሁሉ በእሱ ወንበር በኩል ነው የሚያልፈው፤ ተላጭቶ፣ ተቆርጦ፣ ኮት ተውሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይገባል። ባለ ታብሌቷ ከውስጥ «ምስክር ያለው?» ብላ ስትጣራ ታዲያ ከምላጩ የቀረበ ማን አለ? መላጫውን በእጁ እንደያዘ ይገባል፣ ይጫናል፣ ይወጣል።

አሁን «ሌላ»ን አስቡት። አንዲት አሮጊት ተሸፋፍና ከጎንህ ተቀምጣለች። ትናንት እማዬ ብለህ ጥፍሯን ቆርጠህላታል። ዛሬ ታብሌቱ ምንህ ናት ሲልህ፣ እያየችህ «ሌላ» ብለህ ልትጫን ነው? ይህን የሚያደርግ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ምላጩ ደግሞ በደንብ ያደገ ሰው ነው፤ ስለዚህ «እናት» ተጫነ። ለቀጣይዋም «እናት»። እኔንም «ወንድም» ብሎ አስመዘገበኝ፤ ያን ቀን እኮ በአንድ ነገር ተኳርፈን ነበር። «ኩርፊያ» የሚል ሳጥን ስለሌለ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ታብሌቱ ያን ጊዜ ትንፍሽ አላለም። ወንድም ቢበዛ አይደንቀውም። እናቶቹን ግን አንድ በአንድ እየቆጠረ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር ለካ።

ከዕለታት አንድ ቀን ምላጩ ግማሽ ፊቴን ላጭቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከድንበሩ ማዶ ወዳለ ሌላ የስደተኞች ጣቢያ የሚመላለስ ሾፌር የድምፅ መልእክት ልኮለታል። ከፈተው። የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፤ ሸካራና ቀስ ያለ።

«ልጄ፣ አለሁ። ዐይኔ ደከመ እንጂ እኔስ አለሁ። ፀጉርህን የሚቆርጥልህ ሰው አገኘህ ወይ?»

የገዛ እናቱ ናቸው። መንገድ ላይ ተለያይተው፣ ሞታለች ብሎ እርሙን አውጥቶ የነበረ ሰው ነው። ልጅ እያለ ፀጉሩን የሚቆርጡለት እሳቸው ነበሩ፤ እሱ ይኸው በዚያው እንጀራ እንደወጣለት የሚያውቁት ነገር የለም። ምላጩ መልእክቱን ደግሞ ደግሞ ሰማው፤ ከዚያ ሱቁን ጥሎ ወደ አዳራሹ ሮጠ። እኔ በግማሽ ጢሜ ቀረሁ፤ ያን ቀን የመጣ ደንበኛ ሁሉ ጫማውን ትቶ እኔን ሲያይ ዋለ።

ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። እናቱ ያሉበት ጣቢያ ሊዘጋ ነው። ቤተሰብ እንዳለው የተረጋገጠ ሰው ወደ ቤተሰቡ ይወሰዳል፤ ያልተረጋገጠው በረሃው ውስጥ ወደተተከለው አዲስ ጣቢያ ይጫናል። ከዚያ የወጣ ሽማግሌ ወይ አሮጊት አይተን አናውቅም። አውቶቡሱ የሚነሳው በወሩ መጨረሻ ነው።

የተላጨውንም ያልተላጨውንም ጉንጬን በፎጣ ሸፍኜ ተከተልኩት። ባለ ታብሌቷ ፈገግ ብላ የእናቱን ስም አስገባች፤ «ምንዎ ናቸው?» ለሚለው «እናት» ተጫነች። ታብሌቱ ቀላ።

«የእናት ቦታ ሞልቷል ይላል» አለችው።

«ምን ማለት ነው?»

«እርስዎ አስራ ሰባት እናት አለዎት።»

«አዎ» አለ ምላጩ። ሙገሳ መስሎት ነው።

«ሁሉም በሕይወት ያሉ።»

«እግዜር ይመስገን።»

«አልተግባባንም መሰለኝ» አለች ልጅቷ። «ሲስተሙ የሚያውቀው ሰው ከአንዲት እናት ሲወለድ ነው።»

«እኔስ ብሆን! ከአንዲት ነው የተወለድኩት።»

«ከየትኛዋ?»

«ከአስራ ስምንተኛዋ።»

ሳቄ መጣብኝ፤ በፎጣው አፈንኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሲስተሙ ምላጩን በሰው ምዝገባ የሚነግድ ደላላ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠርጥሮታል፤ ፋይሉንም ቆልፎበታል። ምላጩ ደላላ! በነጻ ላጭቶ ሻይ የሚጋብዝ ደላላ እሱ የመጀመሪያው ነው። ልጅቷ አለቆቿ ጋ ደውላ፣ ጠይቃ፣ ለምና መፍትሔ ይዛ ተመለሰች። መፍትሔውም ይህ ነው፦ አስራ ሰባቱ እናቶች በአካል ቀርበው፣ ታብሌቱን እያዩ፣ «ልጄ አይደለም» የሚለውን በገዛ ጣታቸው ይጫኑ።

ምላጩ በየቤቱ ዞረ። ሰው ልጄ በይኝ ብሎ ሲለምን አይቻለሁ፤ ልጄ አይደለም በይልኝ ብሎ ደጅ ሲጠና ያየሁት እሱን ነው። አንዳንዶቹ ስቀው እሺ አሉት። አንዷ «ልጅ ካልሆንክ ጥፍሬን ማን ሊቆርጠው ነው?» አሉት፤ እንደሚቆርጥ ማለላቸው። ሌላዋ ደግሞ ከዚህ በኋላ በስማቸው ላይ ችግር እንደማይመጣ ደጋግመው አረጋገጡና «እናትህ ትበልጥብኛለች፣ ምን ክፋት አለው» አሉት። አስራ ስድስቱ እሺ አሉ።

አስራ ሰባተኛዋ እማማ ዘነዘና ናቸው። ቀጥ ብለው ስለሚሄዱና ስለማይታጠፉ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ድንበሩን ሲሻገሩ ከእጃቸው ተለይቶ ጠፋ። ሞተ አይሉም። «ወደ ኋላ ቀረ» ነው የሚሉት፤ ጫማውን ሊያስር ዝቅ ያለ ነው የሚመስለው። ምላጩ ከሁሉም በላይ የሚመላለሰው እሳቸው ጋ ነበር።

«እኔ ልጄ አይደለም የሚል አፍ የለኝም» አሉት።

«አፍ አይደለም የሚፈልጉት እማዬ፣ ጣት ነው።»

«ጣትም የለኝም።»

«እናቴ በረሃ ልትገባብኝ ነው እኮ!»

«እሷን አምጣት፤ ማን ከለከለህ። እኔን ለምን ትጥለኛለህ?»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አሮጊቶቹ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዘነዘናም ጎረቤት ጎትቷቸው መጥተው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ታብሌቱ ሄዱ። አንዷ እያለቀሱ ተጫኑ። አንዷ ድስት እሳት ላይ ጥደው ስለመጡ ቶሎ ተጭነው ሮጡ። አንዷ ከተጫኑ በኋላ ልጅቷን «አንቺስ እናት አለሽ?» አሏት፤ ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሁሉም ሲወጡ በምላጩ በኩል ያልፋሉ፤ ሁሉም ሲያልፉ መሬት መሬቱን ያያሉ። የሰረቁ እንጂ ውለታ የዋሉ አይመስሉም ነበር። እሱም ለእያንዳንዷ «ተባረኪ እማዬ» ይላል።

ዘነዘና ከተቀመጡበት አልተነሱም። ልጅቷ ታብሌቱን አቀረበችላቸው።

«ልጄ ነው» አሉ።

«ልጅዎ ከሆነ እናቱ ሊመጡ አይችሉም፤ ይገባዎታል?»

«ይገባኛል። አንዱ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ቀረብኝ። ይሄንን ደግሞ በገዛ ጣቴ ወደ ኋላ አላስቀርም።»

ምላጩ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እማዬ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን ተጫኚው!»

«ይቅርታ» አለች ልጅቷ፣ «ድምፅ እየተቀዳ ነው። እማዬ እያሉ እንዴት ነው እናቴ አይደሉም የሚሉት? ሲስተሙ ይሰርዘዋል።»

ምላጩ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሺ። እ... እማዬ...» አለና አፉን በእጁ ያዘ። እንደገና ሞከረ። እንደገና እማዬ ወጣው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልጅቷ መቅጃውን አጥፍታ እንደገና ጀመረች። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። ይህን ሁሉ ዓመት የሚያውቃቸውን ሴት የሚጠራበት ሌላ ቃል የለውም። በመጨረሻ ታብሌቱ ላይ ጎንበስ አለና ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው አነበበ። ቀና አለ። እጆቹን ከጎንና ከጎኑ ለጥፎ፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው፣

«ወይዘሮ» ብሎ ስማቸውን ጠራ፤ «እባክዎን የተጠየቁትን ይፈጽሙልኝ።»

ዘነዘና ቀስ ብለው ዞረው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። እንዲያ ሲያዩት እኔ ራሴ በሩን ከፍቼ ልወጣ ነበር።

«እርስዎ ማን ይባላሉ?» አሉት።

«ፀጉር... ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«እኔ ፀጉር አስተካካይ ልጅ የለኝም» አሉና ተጫኑት። ታብሌቱ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ። አሁንም ተጫኑት። ታብሌቱ አረንጓዴ ሆነ፣ የምትስቅ ክብ ፊት ብቅ አለችበት፣ «እናመሰግናለን፤ አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑ» አለ። ልጅቷ ቶሎ ብላ በእጇ ሸፈነችው። እሳቸው ግን አይተውታል። ማንበብ ባይችሉም የሚስቅ ፊት ያውቃሉ።

እናቱ በአውቶቡሱ መጡ። አይቻለሁ፤ የምላጩ እናት ከደረጃው ወርደው ፊቱን በጣታቸው ሲዳስሱት፣ ያ ምላሰ ቅቤ ሰውዬ አንድ ቃል ጠፍቶት ነበር። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። በማግስቱ ጢሜን በነጻ ላጨኝ፤ ሁለቱንም ጎን።

ዘነዘና ግን በራቸውን ዘጉበት። ውሃ ይዞ ቢሄድ አይከፍቱም። አምፖል ይዞ ቢሄድ ጨለማው ይሻለኛል ይላሉ። ቢጮህ ቢለምን ከውስጥ «ተሳስተው ይሆናል፤ የማንን ቤት ነው የፈለጉት?» ብቻ ነው መልሱ። እርስዎ ይሉታል፤ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

በሩን ያስከፈተው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ሲስተሙ። ዘነዘና ያን ቀን እንደተጫኑ ልጅ አልባ ሆኑለት። አንጀቱ ተላወሰ መሰለኝ፣ «ረዳት የሌላቸው ብቸኛ አረጋዊት» ብሎ መዘገባቸው። ቀጥሎም በአቅራቢያ የሚኖር፣ ማንነቱ የተረጋገጠ፣ እምነት የሚጣልበት ሰው ፈለገ። አገኘም። የምላጩ ስልክ ጮኸ፦ «በአካባቢዎ ብቸኛ አረጋዊት አሉ። በጎ ፈቃደኛ ሆነው ሊጎበኟቸው ይፈልጋሉ?» ልጅነቱን ነጥቆ እዚያው ሰውዬ ላይ በጎ ፈቃደኝነት ለጠፈበት! ያውም ጉብኝቱ የሚቆጠረው ሁለቱም አብረው የተነሱት ፎቶ ሲላክ ነው። ዘነዘናም ካልተጎበኙ ስማቸው ወደ በረሃው ጣቢያ እንደሚተላለፍ ተነገራቸውና በሩን ከፈቱ።

ፎቶ አንሺው እኔ ሆንኩ። ከመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች ለቅሶ ቤት ይሻላል። ዘነዘና አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ እሱ አጠገባቸው ይቆማል፣ «ፎቶዎን ያንሱና ይሂዱ አቶ በጎ ፈቃደኛ» ይሉታል። አነሳለሁ። እንወጣለን።

አንድ ቀን እናቱ ካልሄድኩ አሉ። ዐይናቸው ስለደከመ ክንዱን ይዘው፣ እኔም ከኋላ ሆኜ ገባን። እናቱ ቤቱን ዳበሳ በሚመስል አስተያየት አየት አየት አደረጉና ቀጥ ብለው የተቀመጡትን ሴት አገኟቸው።

«ይቺ ምንህ ናት?» አሉ ልጃቸውን።

ምላጩ እናት ቢል ፈራ፣ ሌላ ቢል ሞተ፣ በጎ ፈቃደኛ የሚለውን ደግሞ እናቱ ፊት እንዴት ያውጣው።

«ምኑም አይደለሁም» አሉ ዘነዘና። «በጣቴ ፈርሜያለሁ።»

እናቱ የልጃቸውን ክንድ ለቀቁና ግድግዳውን ተደገፉ።

«እዛ ማዶ ሳለሁ» አሉ፣ «እጄን ይዞ የሚመራኝ ሰው ነበር። እናቱ መንገድ ላይ የቀረችበት። ውሃ ይቀዳልኛል፣ ሰልፍ ይይዝልኛል። እማ ይለኛል፤ ልጄ ብዬ አስመዘገብኩት። ልጅሽ ተገኝቷል ሲሉኝ፣ ታዲያ ይሄኛው ማነው አሉኝ። አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

ዘነዘና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸው ታጠፈ።

«ተጫንሽ?»

«ተጫንኩ።»

«እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ መልሶ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ።»

«አዎ አልሽ?»

«አዎ አልኩ።»

ዘነዘና ከአልጋው ጠርዝ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። እናቱ እየዳበሱ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ምላጩ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ሲስተሙ ለምላጩ «ጉብኝትዎ አልተረጋገጠም» የሚል መልእክት ላከለት።